ትይዩ ቅጠል

አብሩዞ ተራራ፣ ከሰማይ ጥግ ሥር፣
አርባ ሦስት ጭስ ባለባት መንደር፣
ሴቲሚዮ ይባላል እኔ የምጦረው፤
ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣
ሆዱ ሲነፋበት ሐኪም የማይጠራ፣
በጥቅምት አካፋውን ይዞ እሚወጣ ተራራ።
የጄንዚያና ሥር ነው። ሕጉ ይከለክላል፤
እሱ ግን «ሕግ ሆድ የለው፣ አይነፋውም» ይላል።

ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ። አገሬ ቢሆን ኖሮ
ስሙ በሹክሹክታ ይጠራ ነበር በየጓሮው ዞሮ።
እዚህ ግን ቄሱም፣ ፖስተኛው ኦሬስቴም
ያን መራራ ሳይቀምስ በረዶ አይቀበልም።

ዕውቀቱ የሚስቱ ነው። ኤርሲሊያ ሳለች
እጁን ይዛ ወስዳ ሜዳው ላይ አሳየች፦
«ሁለት ናቸው፤ በሩቅ ወንድማማች መሳይ።
አንዱ ሆድ ይጠግናል፤ አንዱ ልብ ያቆማል፤ ቅጠሉን ቀርበህ እይ።
ጄንዚያና ጥንድ ነው፤ ቅጠል ከቅጠሉ
ባልና ሚስት ገበታ ላይ እንዳሉ
ፊት ለፊት ይያያል።
ቬራትሮ ግን ተኳርፏል፤
አንዱ ከበቀለበት ሌላው ከፍ ብሎ ጀርባ ሰጥቶ ይወጣል።»

ኤርሲሊያ በሚያዝያ ሞተች።
ከገበታው ማዶ ወንበሯ ቀረች፤
ቀይ ሹራብ ጀምራለት አንድ እጅጌ ብቻ ሠርታ ሄደች።

በዚያው ጥቅምት ወጣ። ውርጭ ቀድሞት ኖሯል፤
ቅጠል የተባለ ረግፎ ጠቁሯል።
የሚያይ ፊት የለም፤ ፊት ለፊትም የለም፤
ሥር ብቻ ነው ያለው፣ ሥር ደግሞ አይናገርም።
ቆፈረ። አጠበ። ከተፈ። ነከረ።
ነጭ ወይን አፍስሶ አርባ ቀን ጓዳ አሳደረ።

ኅዳር ጽዮን ማታ ሦስት ብርጭቆ ቀዳ፦
ለራሱ፣ ለኦሬስቴ፣ ለእኔም «ለቤቱ እንግዳ»።
ኦሬስቴ ጨለጠ። እሱም ተከተለ።
እኔ በምላሴ ጫፍ ብነካው ነደደ፤ ወዲያው ደነዘዘ፣ የሰው ምላስ መሰለ።
ልጅ ሆኜ ኮሶ ጠጥቻለሁ፤ መራራ አውቃለሁ።
ኮሶ ያንገሸግሻል እንጂ አፍን ከባለቤቱ አይነጥቅም። «ይሄ ሌላ ነው» አልሁ።
ሳልጨርስ ፖስተኛው በሆዱ ታጠፈ፤
የሴቲሚዮ ላብ በግንባሩ ጎረፈ።
እጁን ያዝሁት። ትርታው አንድ… ቆይቶ… አንድ፣
የደከመው ሰው ደረጃ ሲወርድ።

ደወልሁ።
«ምንድን ነው የጠጡት?» አለች የአምቡላንሷ።
«መድኃኒት» አልሁ።
«የትኛውን ኪኒን? ስንት ፍሬ?» ብላ ያዘችኝ እሷ።
እንዴት ላስረዳት? በእኔ ቋንቋ ይሄ ቃል ሁለት በር አለው፤
ድውይ በአንዱ ይወጣል፣ በአንዱ ሬሳ ነው።
«መድኃኒት ሰጠችው» ብንል ዳነም፣ ሞተም ይሆናል፤
«መድኃኒት ጠጣ» ከተባለ ጎረቤት ይጮኻል።
በዚያው ቃል ደግሞ ስለት እንሳላለን፣
መድኃኔ ዓለም ብለን።
«መርዝ» ለማለት አፌ እስኪፈታ
ግማሽ ደቂቃ ሄደ፤ ከእሱ ዕድሜ ላይ፣ በዝምታ።

ሱልሞና ሆስፒታል፣ ሌሊት። ዶሚቲላ የተባለች ነርስ
መርፌ ይዛ መጣች በደም ሥሩ ልታፈስ።
«ምንድን ነው?» አልኋት። «አትሮፒን፤ ከመርዝ ቅጠል የመጣ፤
ቤላዶና ይሉታል፣ ቆንጆይት እመቤት፤ እሷን የበላ ከመቃብር አይወጣ።»
ሳቄ መጣ፤ አፈርሁ።
የሴቲሚዮ ሚዛን እፍኙ ነው፤ የእሷ ጠብታ።
ጎህ ሲቀድ የሁለቱም ትርታ ተመለሰ ወደ ቦታ።

በሰኔ ማለቂያ ሜዳው ሲያብብ ወጣን።
ያቺን አንድ እጅጌ ተርትሮ ኳስ አድርጎ በኪሱ ይዟታል።
ተንበርክኮ «ይያያሉ?» ይለኛል፤ ዓይኑ ደክሟልና፤
«ይያያሉ» ስለው ግንዱን በቀይ ክር ያስራል ቀስ አለና።
«ይሄስ?»
«ተኳርፈዋል።»
ሳይሰድበው ያልፋል።

አሥራ አንድ አሰርን። አሥራ ሁለተኛዋን
በረዶ መትቷት ቅጠሏ ተበጣጥሷል።
ክሩን ጎትቶ ለካ። ቆየ። መልሶ ኪሱ ከተተው።
«አልተናገረችም» አለ፤ «እንተዋት።»